ስህተቱን የነገራችሁ ማን ነው?

ኖድ ጄኤስ መማር ከጀመሩ ልጆች የሚደርሱኝ መልእክቶች በአብዛኛው ይመሳሰላሉ፦ በስልክ የተነሳ የላፕቶፕ ስክሪን፣ ግማሹ የተቆረጠ ቀይ ጽሑፍ፣ ከሥሩም «ወንድሜ እባክህ እርዳኝ፣ እምቢ አለኝ» የሚል ልመና። ፎቶው የሚያሳየው የጽሑፉን መጨረሻ ነው፤ ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ያለው ከላይ፣ በተቆረጠው በኩል ነው። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ተመልሰው አይጽፉም። የተዉት ጃቫስክሪፕት ከብዷቸው አይደለም። አንድ መስመር ኮድ እንኳ ሳይጽፉ፣ ገና ማሽኑን ሲያዘጋጁ «ይሄ ነገር ለእኔ አይሆንም» ብለው ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ ስለዚህ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ለሁሉም አስቀድሜ የማቀርበው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህን የሚላችሁ ማን ነው? ትዕዛዝ ጽፋችሁ ኢንተር ስትጫኑ መልስ የሚሰጠው ብዙ ነው። ትዕዛዙን የሚቀበለው ሼል አለ፣ ፋይልና ፖርት የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ፣ ፓኬጅ የሚያመጣው ኤንፒኤም አለ፣ ኮዱን የሚያስኬደው ኖድ አለ፣ በመጨረሻም የራሳችሁ ኮድ አለ። ተናጋሪውን ሳይለዩ መፍትሔ መፈለግ ጉዳዩ የማይመለከተው መሥሪያ ቤት ደጅ እንደ መጥናት ነው።

«ኮማንድ ኖት ፋውንድ» ወይም ዊንዶውስ ላይ «ኢዝ ኖት ሪኮግናይዝድ» ሲመጣ የሚናገረው ሼሉ ነው። ኖድ ገና ነገሩ ውስጥ አልገባም። ሼሉ ፕሮግራም የሚፈልገው ፓዝ በሚባል የፎልደሮች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ ኖድ ከመጫኑ በፊት የተከፈተ ተርሚናል ደግሞ የያዘው የድሮውን ዝርዝር ነው። ተርሚናሉን ዘግቶ በመክፈት የሚፈታውን ችግር፣ ኖድን አጥፍተው ደጋግመው ሲጭኑ የሚያመሹ አሉ። ፓወርሼል ላይ ኖድ እየሠራ ኤንፒኤም ብቻ «ራኒንግ ስክሪፕትስ ኢዝ ዲሴብልድ» ካላችሁም ኤንፒኤም አልተበላሸም። የከለከለው የፓወርሼል የራሱ ፖሊሲ ነው። ያንኑ ትዕዛዝ በኮማንድ ፕሮምፕት ጻፉት፣ ይሄዳል።

«ኢ-አክሰስ» ሲሆን ግን ተናጋሪው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ ነው፤ ልትጽፉበት የሞከራችሁት ፎልደር የእናንተ አይደለም እያላችሁ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «ሱዶ ጨምርበት» ብሎ ይመክራል። እኔ አልመክርም። ሱዶ ለጊዜው ያሳልፋችኋል፤ የሚፈጠሩት ፋይሎች ግን የሩት፣ ማለትም የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ፣ ንብረት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ነገ ያለ ሱዶ ስትሞክሩ ያው ስህተት በሌላ ቦታ ይጠብቃችኋል። ኖድን ኤንቪኤም በተባለው ቨርዥን ማኔጀር ብትጭኑት ሁሉም ነገር የሚቀመጠው በራሳችሁ ሆም ፎልደር ውስጥ ስለሆነ የፈቃድ ጥያቄው ከነጭራሹ አይነሳም። የኤንፒኤም መመሪያም የሚመክረው እንዲሁ በቨርዥን ማኔጀር መጫንን ነው።

«ኢ-አድረስ-ኢን-ዩዝ» ደግሞ ፖርቱ ተይዟል ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ትናንት ያስነሳችሁትና ያልዘጋችሁት የራሳችሁ ሰርቨር ነው። 3000ን ወደ 3001 ቀይሮ ማለፍ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን አሮጌው ሰርቨር 3000 ላይ እንደቆመ ነው፤ ብራውዘሩ ላይ በልማድ 3000 ብላችሁ ስትገቡ የሚመልስላችሁ የትናንቱ ኮድ ይሆናል። ከዚያ «የቀየርኩት ነገር አይታይም» የሚል አዲስ ጥያቄ ይመጣል። ያዢውን ፈልጋችሁ ዝጉት።

አሁን አገራችን ውስጥ ለሚማረው ሰው ከሁሉ ወደሚከብደው ልምጣ፤ ኔትወርክ። ኤንፒኤም ፓኬጆችን እያወረደ መብራት ይጠፋል፣ ወይም የሞባይል ዳታው መሃል ላይ ይቆረጣል። «ኢ-ታይምድ-አውት» እና «ኢ-ኮን-ሪሴት» የዚህ ምልክቶች ናቸው። ግማሽ የሞላ የኖድ ሞጁልስ ፎልደር፣ ማለትም ፓኬጆቹ የሚቀመጡበት፣ ሊቀር ይችላል፤ በማግስቱ «ካኖት ፋይንድ ሞጁል» ሲል ተማሪው ጥፋቱን ከኮዱ ይፈልጋል። ቢክሪፕት የተባለው ፓኬጅ በአምስተኛው ቨርዥኑ የነበረውን ጠባይ ለምሳሌ ውሰዱ። መጀመሪያ የተዘጋጀ ፋይል ለማውረድ ይሞክራል። ማውረዱ ካልተሳካ እዚያው ማሽን ላይ ኮምፓይል ሊያደርግ ይነሳል፣ ለዚህም ፓይተንና የሲ ፕላስ ፕላስ ኮምፓይለር ይፈልጋል። እነሱ ከሌሉ የጽሑፉ መጨረሻ ላይ የምታዩት «ፓይተን የለም» የሚል ነው። ልጁ ፓይተን ለመጫን ሌላ ዳታ ያቃጥላል። ዋናው ምክንያት ግን ከላይ፣ ማንም ባላነበበው መስመር ላይ ተጽፏል፦ ማውረዱ ተቋርጧል። የተሻለ ኔትወርክ ባለበት ሰዓት መሞከር ብቻ ይበቃው ነበር።

በዚሁ ላይ አንድ ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። ስህተት በመጣ ቁጥር የኤንፒኤምን ካሽ፣ ማለትም የወረዱ ፓኬጆች ማከማቻ፣ በፎርስ አጥፉ የሚባለውን። ከኤንፒኤም 5 ጀምሮ ካሹ የተበላሸ ነገር ሲያገኝ ራሱ ያስተካክላል፤ ኤንፒኤም ያለ ፎርስ ማጥፋትን የሚከለክለውም ለዚህ ነው። ያልተገደበ ኢንተርኔት ያለው ሰው ካሹን ቢያጠፋ ብዙም አይጎዳም። ዳታ በጊጋባይት ገዝቶ ለሚማር ሰው ግን ካሹ የተከፈለበት ንብረት ነው። አጥፉ ከተባለ የኖድ ሞጁልስን ፎልደር አጥፉ፤ ከዚያ «ፕሪፈር ኦፍላይን» የሚለውን አማራጭ ጨምራችሁ መልሳችሁ ጫኑ። ቀድሞ የወረደው ከካሹ ይመጣል፣ ከኔትወርክ የሚወርደው የጎደለው ብቻ ነው።

ሌላው ትልቅ ችግር ቪዲዮውና ማሽኑ ዘመናቸው መለያየቱ ነው። ኖድ 17 በጥቅምት 2021 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ሁለት ነገር ቀየረ። አንደኛ ወደ ኦፕን ኤስኤስኤል 3 ተሻገረ፤ ኤምዲ4 የተባለውን አሮጌ ስሌት ይጠቀም የነበረው ዌብፓክ 4 በዚህ ቆመ። ከዚያ በፊት በዌብፓክ 4 የተቀረጹ ትምህርቶችን የሚከተል ሰው «አንሰፖርትድ» የሚል ስህተት ይመጣበታል፣ ቪዲዮው ላይ ግን አስተማሪው ሳይቸገር አልፏል። ሁለተኛ፣ ኖድ ሎካልሆስት ሲባል የአድራሻዎቹን ቅደም ተከተል ማስተካከሉን ተወ፤ በብዙ ማሽን ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የአይፒ ቨርዥን 6 አድራሻ ሆነ። ሞንጎዲቢ የተባለው ዳታቤዝ የሚያዳምጠው ግን 127.0.0.1 ላይ ነበር። ያኔ ዳታቤዙ እየሠራ «ኢ-ኮን-ሪፊውዝድ» ይል ነበር። መልእክቱን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ከስህተቱ አጠገብ ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብና አንድ ቁጥር፣ ማለትም ::1ን ያይ ነበር። ሎካልሆስት የሚለውን በ127.0.0.1 ሲተካው ያልፍ ነበር። ዳታቤዙን አጥፍቶ የጫነው ደግሞ ያው ግድግዳ ላይ ይቆም ነበር።

ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ የጀማሪ ድክመት የሚመስለው ካለ ራያን ዳልን ያስታውስ። ኖድን በ2009 እ.ኤ.አ. በርሊን ላይ ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ በ2018 እ.ኤ.አ. እዚያው በርሊን ተመልሶ «ስለ ኖድ የምጸጸትባቸው አሥር ነገሮች» በሚል ርዕስ ተናገረ። የኖድ ሞጁልስ አሠራር አለበት፣ ፓኬጅ ጄሰን አለበት፣ ያ ፓይተን የሚጠይቀው ጂዋይፒ የተባለ የኮምፓይል ሥርዓትም አለበት። እናንተን ያደከማችሁ ነገር ፈጣሪውንም ያስቆጨ ነው። ሠልጣኞችን የምታስተምሩ ወገኖቼም ይህን አስቡበት፤ «ኖድን ጭናችሁ ኑ» ብሎ መጀመር በጣም የሚያስፈልጋቸውን ትምህርት ብቻቸውን እንዲወጡት መተው ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ይሁን፣ ፊት ለፊት፣ ስህተት እየመጣ አብራችሁ እያነበባችሁ።

ከእንግዲህ ጥያቄ ስትልኩልኝ ፎቶውን ተዉትና ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ላኩ። ዊንዶውስ ይሁን ሊኑክስ ንገሩኝ፣ የኖድን ቨርዥን ጨምሩበት፣ ያን ስህተት ያመጣውንም ትዕዛዝ እንዳለ ጻፉት። የይለፍ ቃል ካለበት ግን አጥፉት። በመጨረሻም ግምታችሁን ጨምሩ፦ የሚናገረው ሼሉ ነው፣ ሲስተሙ ነው፣ ኤንፒኤም ነው፣ ኖድ ነው ወይስ ኮዳችሁ? ብትሳሳቱም ግድ የለም፣ ከዚያው ተነስተን አብረን እንፈልገዋለን።