ለሙቀት አገር የሚሠራ ሹራብ

‹‹ሹራብ›› ሲባል በአብዛኞቻችን ሐሳብ ውስጥ ቀድሞ የሚመጣው ብርድ ነው። የሐምሌ ዝናብ፣ የጥቅምት ውርጭ፣ በማለዳ ትምህርት ቤት የሚሄድ ሕፃን፣ በር ላይ የሚያድር ዘበኛ። ‹‹የሙቀት ሹራብ›› ብሎ ነገር ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ‹‹ደረቅ ዝናብ›› እንደ ማለት ይመስላል። እኔም ለዓመታት ክርና መርፌ ይዤ የምቀመጠው ሰማዩ ሲጠቁር ነበር። በቅርቡ ግን ድሬዳዋ ለምትኖር ታላቅ እህቴ አንድ ስስና አየር የሚያስገባ የላይ ልብስ በእጄ ልሠራ ተነሣሁና የሹራብን ነገር እንደ አዲስ ተማርኩት። ትምህርቱን ለብቻዬ ይዤው ከምቀር፣ መርፌ ለሚይዙትም ለማይዙትም ላካፍል ብዬ ይኸው ብዕር አነሣሁ።

የመጀመሪያው ጣጣ የወቅት ነው። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት የሹራብ መጽሔቶችና መመሪያዎች አብዛኞቹ ከአውሮፓና ከአሜሪካ የመጡ ናቸው። ‹‹የበጋ›› ብለው የሚያቀርቧቸው እጅጌ አልባ ልብሶች ከሰኔ እስከ ነሐሴ ለሚዘልቀው ለእነርሱ ሙቀት የታሰቡ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ሲከፈል በጋ የሚባለው ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ያለው ጊዜ ነው። እነርሱ ልብስ ሲያወልቁ እኛ አዲስ አበቤዎች ጃንጥላ ፍለጋ እንሮጣለን። በጋችን ሲመጣም ቢሆን ቀትር ላይ አናት የሚበሳው ፀሐይ ገና ሳይጠልቅ ብርዱ ከተፍ ይላል። ስለዚህ ለአዲስ አበባ ሰው የሚሠራ የበጋ ሹራብ ቀን ለብቻው የሚለበስ፣ ማታ ደግሞ ኮት ወይም ጋቢ ሲደረብበት የማያስቸግር ቢሆን ይመረጣል።

ድሬዳዋ ሌላ አገር ናት። ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ማለፉ የተለመደ ነው። የፈረንጅ መጽሔት ‹‹የሰኔ ልብስ›› ብሎ ያወጣው ለእኔ ባይሆንም ለእህቴ ይሠራል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ግጥምጥሞሽ አስቆኛል።

የእህቴ ጉዳይ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በፊት የጡት ካንሰር ተገኘባት፤ አንዱ ጡቷ በቀዶ ሕክምና ተወገደ፤ ከብብቷ ሥርም ዕጢዎች ወጡ። ሕክምናውን ጨርሳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ይሁንና ከዚያ ወዲህ ከቤት ስትወጣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ነጠላዋን ደረቷ ላይ ሳታጣፋ አትወጣም። ቤት ውስጥ ሽቲ ለብሳ እንደ ልቧ ትሆናለች፤ በሩ ሲንኳኳ እጇ ወደ ነጠላው ይሮጣል። አንድ ቀን በስልክ ስናወራ፣ ‹‹አንቺ፣ እጅሽ ሥራ አይፈታም አይደል? እስቲ ነጠላ የማያስፈልገው ነገር ሥሪልኝ›› አለችኝ። ቀልዳ ነበር። እኔ ግን እንደ ቀልድ አልሰማሁትም። ይህን ጽሑፍ ላውጣው ወይ ብዬ ስጠይቃትም፣ ‹‹ስሜን ተዪው እንጂ ጻፊው›› አለች።

እንግዲህ ሞዴል መምረጥ ያኔ ተጀመረ። መጽሔቶቹን ዘርግቼ በራሴ ዓይን ማየቴን ትቼ በእርሷ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ጥልቅ ቪ አንገት ያለው ቀረ፤ ጎንበስ ባለች ቁጥር ልቧ አይረጋም። እንደ ክር የቀጠነ ማንገቻ ያለውም ቀረ። በላስቲክ አሠራር ተሠርቶ ገላ ላይ የሚጣበቀውም ቀረ፤ እንዲህ ያለው ልብስ ሆን ተብሎ ከሰውነት ልክ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ጠብቦ ነው የሚሠራው። የብብት ዕጢ የወጣለት ሰው ክንዱ ሊያብጥ ስለሚችል ክንድ የሚያንቅ እጅጌ አይመከርም፤ ስለዚህ ጠባብ እጅጌም ተሰረዘ። ጨረር የነካው ቆዳ ደግሞ ከፀሐይ መጠበቅ አለበት፤ ትከሻና ደረት የሚያራቁተው ሁሉ ወጣ። ከብዙ ገጽ ውስጥ የተረፉት ሦስት ሞዴሎች ብቻ ነበሩ።

ከሦስቱ የመረጥኩት ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ ትከሻው ወደ ክንድ ወረድ ያለ፣ ጉርድና ሰፊ እጅጌ ያለው፣ አንገቱ ከፍ ያለ ክብ ልብስ ነው። ለዚህ ምርጫ አንድ ምሥጢር አለው። ሙሉ በሙሉ ልሙጥ የሆነ ሹራብ የሰውነትን ቅርጽ ሁሉ ያሳብቃል፤ ብርሃን ሲያርፍበት ከፍታና ዝቅታው በጥላ ይታያል። ደረቱ ላይ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል አሠራር ካለ ግን ዓይን አሠራሩን ሲከተል ሌላውን ይረሳል። ቀዳዳ ቀዳዳ የሚያወጣውን፣ አየር የሚያስገባውን አሠራር እጅጌውና ወገቡ ላይ አደረግሁት።

ቀጥሎ የልክ ነገር መጣ። መመሪያዎቹ ስሞል፣ ሚዲየም፣ ላርጅ ይላሉ። እነዚህ ፊደሎች ከአገር አገር፣ ከአሳታሚ አሳታሚ ይለያያሉ። ለምሳሌ የአሜሪካው ክራፍት ያርን ካውንስል ባወጣው ሰንጠረዥ የሴት ሚዲየም ደረቷ ከ91.5 እስከ 96.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ ናት። ይህ የሰውነት ልክ ነው። የልብሱ ልክ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሰውነቱ ላይ ምን ያህል ትርፍ ስፋት እንደሚጨመር ሞዴሉን ያወጣው ሰው ይወስናል። ብዙ ሰው እነዚህን ሁለቱን እያምታታ፣ ‹‹ልኬን ሠርቼ ሰፋኝ፣ ልኬን ሠርቼ ጠበበኝ›› ሲል ይሰማል። መመሪያ ስታዩ መጀመሪያ ‹‹ያለቀ ልብስ ልክ›› የሚለውን ፈልጉ። ያን ካገኛችሁ በኋላ፣ ቁምሣጥናችሁ ውስጥ የምትወዱትን አንድ ልብስ አልጋ ላይ ዘርግታችሁ ለክታችሁ ብታስተያዩት ከሰንጠረዥ ሁሉ ይበልጣል።

እህቴ ለክትትል አዲስ አበባ በመጣች ጊዜ ሜትር አውጥቼ ለካኋት። በመጀመሪያ የድሮ የጡት መያዣዋን ቁጥር ነገረችኝ። ዝም ብዬ ሜትሩን ይዤ ቆምኩ። ጋዜጠኝነት ስማር ከተማርኩት ሁሉ የሚጠቅመኝ ይኸው ነው፤ አንዳንዱ ጥያቄ ዝም ሲሉት ራሱ ይመለሳል። ነጠላዋን አጥፋ ወንበር ላይ አኖረችው። ዙሪያዋን ስለካ 98 ሳንቲ ሜትር ሆነ። ሰንጠረዡ በዚህ ቁጥር በሚዲየምና በላርጅ መካከል ያስቀምጣታል፤ ከዚያ በላይ የሚያውቀው ነገር የለም። እኔ ግን ከጀርባዋ አከርካሪ እስከ ደረቷ አጥንት ድረስ በየጎኑ ለየብቻ ለካሁ፤ በአንደኛው ጎን 51፣ በሌላው 47። ክንዷም አንዱ 31፣ ያበጠው 34። የሹራብ መመሪያ ሁሉ የሴት ግራና ቀኝ እኩል ነው ብሎ ይነሣል። እስከዚያ ቀን ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። እህቴ ቁጥሮቹን ወረቀቱ ላይ ስጽፍ አየችና፣ ‹‹አራት ሳንቲም ብቻ ናት እንዴ? እኔ እኮ ዓለም ሁሉ የሚያየው መስሎኝ ነበር›› አለች። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ጥቂት ጊዜ ምንም አልተናገርንም።

ለ98ቱ 12 ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨምሬ ያለቀውን ልብስ 110 እንዲሆን ቆረጥኩ። እጅጌውን የለካሁት ባበጠው ክንድ ነው፤ 34 ላይ 6 ጨምሬ 40 አደረግሁት፤ ሁለቱንም እጅጌ እኩል ሠራኋቸው። ሰፊ እጅጌ ቀጭኑ ክንድ ላይ ምንም አይልም፤ ጠባብ እጅጌ ግን ወፍራሙን ክንድ ይጎዳዋል።

አሁን ደግሞ ወደ ስሌቱ እንግባ። መርፌው ላይ የሚሰካውን እያንዳንዱን ቀለበት እኛ ቤት ‹‹ዓይን›› ነው የምንለው። መመሪያው ‹‹በ10 ሳንቲ ሜትር ውስጥ 22 ዓይን›› ካለ፣ 110 ሳንቲ ሜትር ለማግኘት 242 ዓይን ያስፈልጋል። የእጃችሁ አያያዝ ላላ ብሎ በ10 ሳንቲ ሜትር 20 ዓይን ብቻ ቢወጣላችሁ፣ ያው 242 ዓይን 121 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በሁለት ዓይን ልዩነት ልብሱ 11 ሳንቲ ሜትር ሰፋ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ሥራ ከመጀመሩ በፊት 15 በ15 የሚሆን ቁራጭ ሠርቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ መለካት ግድ ነው። ብዙዎቻችን ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለናል፤ ‹‹የቸኮለች አፍሳ ለቀመች›› የተባለው ግን እንዲህ ላለው ጉዳይ ነው። ሳያጥቡ መለካትም አይበቃም፤ የጥጥ ክር ታጥቦ የሚሰጠው ልክና ከመርፌ እንደ ወረደ የሚሰጠው ልክ ይለያያል።

የመርፌ ቁጥርም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። በአሮጌ የእንግሊዝ መመሪያ ቁጥር 10 መርፌ ማለት 3.25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን ነው፤ በአሜሪካ ግን ቁጥር 10 ማለት 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ወፍራም ነው። በእንግሊዝ አሮጌ አቆጣጠር ቁጥሩ ሲጨምር መርፌው ይቀጥናል፤ በአሜሪካው ግን ይወፍራል። ስለዚህ መጽሔቱ የት እንደታተመ ተመልክታችሁ ሁሉን ወደ ሚሊ ሜትር መልሱት።

በመጨረሻ ክር። በየሱቁ በብዛት የምናገኘው አክሪሊክ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ቀለሙ ብዙ ነው፣ ቶሎ ይደርቃል። ነገር ግን ላብ አይመጥም፤ በድሬ ቀትር ገላ ላይ እንደ ፕላስቲክ ይሆናል። የበግ ፀጉር ላብ ይመጣል፣ ሲሳብም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ሆኖም የታከመ ቆዳን ሊኮሰኩስ ይችላል። ተልባ እግር ክር፣ ማለትም ሊነን፣ ቀዝቃዛና ጠንካራ ነው፤ መጀመሪያ ደረቅ ቢልም በታጠበ ቁጥር ይለሰልሳል። ጥጥ ላብ ይመጣል፣ ለቆዳ ይስማማል፣ ማጠብን አይፈራም። ጉድለቱ ሲለጠጥ በደንብ የማይመለስ መሆኑና መክበዱ ነው፤ በሰፊ ሥራ የራሱ ክብደት ወደ ታች ይጎትተዋል። ለዚህ ነው ርዝመቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር ቀንሼ የሠራሁት። የሚያብለጨልጨው የጥጥ ክር ‹‹መርሰራይዝድ›› ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1844 ጥጥን በኮስቲክ ሶዳ ማከም በጀመረው በእንግሊዛዊው በጆን መርሰር ስም የተጠራ ነው። ጠንከር ይላል፣ ቀለም ይይዛል፤ ለስላሳነቱ ግን ካልታከመው ያንሳል። እኔ ያልታከመውን መረጥኩ።

የአገራችንን ፈትል አስቤ መርካቶ ሸማ ተራ ድረስ ሄጄ ነበር። ማግ ነጠላ ፈትል ነው፤ የሸማኔ እንጂ የሹራብ ክር ተብሎ አልተፈተለም። በቁራጭ ስሞክረው ሥራው ወደ አንድ ጎን ያጋድላል፤ ነጠላ ፈትል ጠመዝማዛው ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሆነ ነው። ሁለት አድርጎ በተቃራኒ መግመድ ያስተካክለዋል። ጊዜው ያላት ብትሞክረው ልፋቷ በከንቱ አይቀርም።

ክር ስትገዙ በግራም አትቁጠሩ፤ በሜትር ቁጠሩ። ጥጥ ከበግ ፀጉር ይከብዳልና በእኩል ግራም የሚገኘው ርዝመት ያንሳል። መመሪያው 1,100 ሜትር ይጠይቃል እንበል። 50 ግራሙ 150 ሜትር በሆነ የሱፍ ክር 8 ጥቅል፣ ማለትም 400 ግራም ይበቃል። 50 ግራሙ 125 ሜትር በሆነ የጥጥ ክር ግን 400 ግራም የሚሰጠው 1,000 ሜትር ብቻ ነው፤ አንድ እጅጌ ሳይጠናቀቅ ይቀራል። ስለዚህ 9 ጥቅል፣ ለጥንቃቄ 10 ግዙ። ጥቅሉ ላይ ያለውን የቀለም ቁጥርም አስተያዩ፤ በተለያየ ጊዜ የተነከረ ክር ሱቅ ውስጥ አንድ መስሎ ፀሐይ ላይ ሁለት ይሆናል።

እህቴ ቀለሙን ‹‹ነጭ አይሁን›› አለች፤ ነጭ ስስ ጥጥ ያሳያል። የጡብ ቀለም መረጠች። በየአገሩ ሴቶች ከለስላሳ ጥጥ ሠርተው ለእንዲህ ያለች ሴት የሚሰጡትን፣ ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባውን ጥጥ የመሰለ ነገርም ሠርቼ አብሬ ላክሁላት። ለብሳ ሞከረችው፤ ‹‹ይሞቃል፣ ተዪው›› አለች። ልብሱን ግን ለብሳ ከዚራ ድረስ ወጣች። ‹‹ነጠላዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም›› ብላ ደወለችልኝ። ነገ ታወጣው ይሆናል፤ ያ የእርሷ ፈንታ ነው።

የሹራብ መመሪያ የሚጻፈው ጸሐፊው ለማያውቃት ሴት ነው፤ ስለዚህ እኩል ጎን፣ እኩል ክንድና የሰኔ ፀሐይ ይሰጣታል። እናንተ ግን የምትሠሩላትን ሴት ታውቋታላችሁ። የት እንደምትኖር፣ ምን እንደምትሸሽግ፣ የትኛው ክንዷ እንደሚያማት መመሪያው ላይ አልተጻፈም። ክር ከመግዛታችሁ በፊት ያንን ጠይቁ፤ ሜትሩ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው።