ዱዓ አድርጌ የሸኘሁት ልጅና ሳዑዲ



ሞጣ ላይ ቆመን ስንሰግድ ፊታችን ወደ ሰሜን ነው፤ ጥቂት ብቻ ወደ ምሥራቅ ያዘነብላል። ጮቄ ከኋላችን ይቀራል። ከፊታችን ዐባይና ሰባራ ድልድይ፣ ከዚያ ማዶ የጎንደር አገር፣ ትግራይ፣ ኤርትራ፣ ቀይ ባሕር፣ ከዚያ መካ። በቀጥታ ቢለካ 1,200 ኪሎ ሜትር አይሞላም። በቀን አምስት ጊዜ ወደዚያ እዞራለሁ። ስለ መካና መዲና ብትጠይቁኝ ሲራ ላይ የቀራሁትን ሰፈር በሰፈር እነግራችኋለሁ። ስለ ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት ምንም አላውቅም ነበር። ሁለቱ አንድ ነገር ይመስሉኝ ነበር።

እንዳልሆኑ ያሳየኝ አንድ ልጅ ነው። ቁርኣንን ከአሊፍ ጀምሮ እኔ ዘንድ ነው የቀራው፤ ካደገ በኋላ ገበያ ላይ ሰልባጅ ይሸጥ ነበር። አንድ ቀን ከዐስር በኋላ ጠብቆ «ኡስታዝ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ፣ ልሄድ ነው» አለኝ። በጅቡቲ በኩል፣ ወደ ሳዑዲ። እናቱ በሬ ሸጠው፣ የጎደለውን ከዘመድ ተበድረው ደላላውን ከፍለዋል። መንገዱ አያስፈራም ወይ ብለው «እዚያ እኮ የሙስሊም አገር ነው ኡስታዝ፣ መስጂድ የሚያቃጥል የለም» አለኝ። ታኅሣሥ 2012 ከተማችን ውስጥ መስጂዶች ሲቃጠሉ በዓይኑ ያየ ልጅ ነው። ምን ልመልስለት? እጄን አንስቼ ረዥም ዱዓ አደረግኩ። አሚን ብሎ ሄደ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ ከሌሎች ተመላሾች ጋር ቦሌ ወረደ። የመንን እንዴት እንዳለፈ እስከ ዛሬ አይናገርም። ጂዛን አካባቢ ስድስት ወር ፍየል ጠብቋል፤ የሦስቱን ወር ደመወዝ አላገኘም፤ የቀረውን ጊዜ ታስሮ ነው ያሳለፈው። መስጂድ ደጃፍ አብረን ተቀምጠን ሳለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ «ኡስታዝ፣ ያኔ ይህን ያውቁ ነበር?»

አላውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን አንብቤያለሁ፣ የተመለሱትን ጠይቄያለሁ። ለእሱ ያልነገርኩትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ስለ ነጃሺና ስለ መጀመሪያው ሂጅራ አላወራም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እንዲያውም እሱን ደጋግመን ከማውራታችን የተነሣ ይመስለኛል ዛሬም እንደዚያ ያለ በር ተከፍቶ የሚጠብቀን የሚመስለን።

ዲናችን ከ1,400 ዓመት በላይ ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ የሚባለው መንግሥት ግን ገና 100 ዓመት አልሞላውም። ዐብዱልዐዚዝ ኢብኑ ሱዑድ ሪያድን የያዘው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ መካና መዲና ያሉበትን ሒጃዝን ጠቅልሎ የያዘው በ1925፤ አገሪቱ የዛሬ ስሟን ያገኘችው በ1932። ስሙም የገዢው ቤተሰብ ስም ነው። የጥንት ሑጃጆቻችን በምጽዋ በኩል ወደ ጅዳ ሲሻገሩ መካን የሚያስተዳድሩት ሸሪፎቹ ነበሩ፤ ከእነሱ በላይ ደግሞ ቱርክ። ካዕባ ያው ካዕባ ነው። ዙሪያውን የሚገዛው መንግሥት ግን ተቀያይሯል።

ስፋቷ ወደ 2.15 ሚሊዮን ስኩዌር ኪሎ ሜትር ነው፤ የኛን አገር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ይቀረዋል። ግን ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድ ወንዝ እንኳ የላትም። ዐባይ ሥር ላደገ ሰው ይህ ይከብዳል፤ እነሱ አብዛኛውን የሚጠጡትን ውሃ ከባሕር ጨው እያጣሩ ነው የሚያገኙት። በደቡብ በኩል ያለው ሩብዕ አልኻሊ የሚባለው በረሃ ብቻውን የኢትዮጵያን ግማሽ ይበልጣል። ልጆቻችን ከየመን ተሻግረው የሚገቡበት ጂዛንና አሲር ግን ተራራ ያለበት፣ ከሌላው የተሻለ ዝናብ የሚያገኝ፣ እርሻና ከብት ያለበት ምድር ነው። ለዚህ ነው በነዳጅ አገር እረኛ ሆነው የሚቀሩት። ነዳጁ ያለው በሌላኛው ዳር፣ በምሥራቅ ባሕረ ሰላጤ በኩል ነው።

ነዳጅ ከመገኘቱ በፊት የመንግሥቱ ዋና ገቢ ከሑጃጅ የሚሰበሰበው ነበር። በ1933 ለአሜሪካ ኩባንያ ፈቃድ ተሰጠ፤ በ1938 ደማም ላይ ሰባተኛው ጉድጓድ ነዳጁን ሰጠ። ከ1973 ወዲህ ዋጋው ሲንር ገንዘቡ ጎረፈ፤ መንገዱን፣ ፎቁን፣ ሆስፒታሉን የሚሠራ ሰው ግን ከውጭ መምጣት ነበረበት። በ2022 ቆጠራ መሠረት ከ32.2 ሚሊዮን ነዋሪ 13.4 ሚሊዮኑ የውጭ ሰው ነው፤ ከአምስቱ ሁለቱ ማለት ነው። በሌላ በኩል የራሳቸው ወጣት ተምሮ ሥራ ያጣል። መንግሥት በ2011 ኒጣቃት የሚባል ደንብ አወጣ፤ ድርጅቶች የተወሰነ የአገሬው ሠራተኛ እንዲቀጥሩ የሚያስገድድ ነው። ቀጥሎ ወረቀት የሌላቸውን ማሳደድ መጣ። በኛ አቆጣጠር ኅዳር 2006 የጀመረውን ታስታውሳላችሁ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። ሙስሊም ክርስቲያን ተብሎ አልተለየም፤ የተጠየቀው ወረቀት ነው።

አገዛዙ ንጉሣዊ ነው። የ1992 መሠረታዊ ሕግ ሕገ መንግሥታችን ቁርኣንና ሱና ነው ይላል፤ የሹራ ምክር ቤት 150 አባላትን የሚሾመው ንጉሡ ነው፤ የፖለቲካ ፓርቲ የለም።

ለኛ ልጆች ግን ከዚህ ሁሉ በላይ ማወቅ የሚያስፈልገው አንድ ቃል አለ፤ ከፋላ። እኔ ይህን ቃል የማውቀው ከፊቅህ ኪታብ ነው። እዚያ ላይ ከፋላ ማለት ዋስትና ነው፤ አንድ ሰው የሌላውን ዕዳ በራሱ ላይ ሲወስድ። ሸክሙን የሚሸከመው ዋሱ ነው። እዚያ አገር የሥራ ሕግ ውስጥ ግን ከፊል ማለት ቀጣሪህ ነው፤ ኢቃማህ በእሱ ስም ታስሯል፣ ጥለኸው ከሄድክ «ሁሩብ» ብሎ ያስመዘግብሃል፣ ከዚያ ወዲያ ሕገ ወጥ ልትሆን ትችላለህ። ሸክሙ ወደ ሠራተኛው ዞረ። በመጋቢት 2021 ሕጉ ተሻሻለ፤ ሠራተኛ በተወሰነ ሁኔታ ያለ ቀጣሪው ፈቃድ ሥራ መቀየርና ከአገር መውጣት ተፈቀደለት። ደስ ይላል። ግን የቤት ሠራተኛ፣ እረኛ፣ የእርሻ ሠራተኛ፣ የቤት ሹፌርና አትክልተኛ አልተካተቱም። የኛ ሰዎች የሚሠሩትን እናንተው ቁጠሩት።

በጅቡቲ የገባ ልጅ ደግሞ ይህም የለውም። ደመወዙን ሲከለክሉት ቢከስ መጀመሪያ የሚጠየቀው የራሱን ወረቀት ነው። በሕጋዊ መንገድ የሄደ ቢያንስ በእጁ ውል አለ።

ድንበሩን በተመለከተ፦ ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ዘገባ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ድረስ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል። ልጁን ስጠይቀው ወሬውን ቀየረ።

ይህን ስናገር አንዳንድ ወንድሞች «የሙስሊም አገር ታማለህ» ይሉኛል። ካዕባ የአላህ ቤት ነው፤ የሥራ ሕጉን ያወጣው ግን ሚኒስቴር ነው። ለሐጅ የሚሄድና ለፍየል ጥበቃ የሚሄድ በአንድ በር አይገቡም።

ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ ሌላ ልጅ መጣ። «ኡስታዝ፣ ዱዓ።» «አደርጋለሁ፤ ግን ከፊልህ ማን ነው? ኢቃማህን ማን ያወጣልሃል?» አልኩት። ደላላው ያውቃል አለኝ። መድረሳው ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ካርታውን ሣልኩለት፤ ኦቦክን፣ ባሕሩን፣ ሰዓዳን፣ ጂዛንን፣ ከዚያ በሌላው ዳር ነዳጁን። ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሣው። ነገ እመጣለሁ ብሎኝ ሄደ፤ እስካሁን አልመጣም።