ባትሪው የት ይታሰር?

ባለፈው ሁዳዴ እነዋሪ፣ አጎቴ ጋ ሰንብቼ ነበር። የጅሩን ሰንጋ የሚያውቅ ሰው ያን ሰሞን በረት ውስጥ ምን እንዳለ አይጠፋውም። ለፋሲካ ገበያ ወራት ሙሉ ሲቀለብ የከረመ በሬ፣ የቤቱ የዓመት ገንዘብ በአራት እግሩ ቆሞ። ጅብም አለ፣ ሌባም አለ። አጎቴ እነዚያን ሌሊቶች አይተኙም።

«ኢንጂነር፣ እስቲ ይህችን ባትሪ ክላሹ ላይ እሰርልኝ» አሉኝ። «በአንድ እጅ ባትሪ፣ በአንድ እጅ ጠመንጃ አልሆነልኝም።»

እኔ ኮድ ጻፊ ነኝ። ከተመረቅኩ ወዲህ አንድ ብሎን አጥብቄ አላውቅም። ግን እውነቱን ልናገር፣ ጥያቄው ደስ አለኝ።

ካዝናውን ነቅለው፣ ጥይት አለመቅረቱን ሁለቴ አይተው ሰጡኝ። ከላይ የጋዙ ቱቦ አለ፤ ሲተኮስ ይግላል፣ ማነጣጠሪያውንም ይጋርዳል። ከታች መወልወያው ዘንግ አለ። በቀኝ በኩል ቀለሁ እየተስፈነጠረ ይወጣል፣ ማቀባበያውም እዚያው ነው። የቀረው ግራ ነው። ወደ አፈሙዙ ባስጠጋው ጭሱ መስታወቱን ያጠቁረዋል፤ ወደ ኋላ ብስበው የአፈሙዙ ጥላ ቀኙን ያጨልመዋል። በመጨረሻ የግራ አውራ ጣታቸው ማብሪያውን የሚነካበት ቦታ ላይ፣ ከአሮጌ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጥፍር አድርጌ አሰርኩት። ቆንጆ ሥራ ነበር፣ ፎቶም አንስቼዋለሁ።

በዚያው ሌሊት ውሻው ጮኸ። አጎቴ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ፣ አነሱ፣ አበሩ። ብርሃኑ መሀል የእትዬ ፊት ነበር። ቡና ይዘውልን እየመጡ ነው።

«እኔ ነኝ!» አሉ፤ ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ጀበናው ግን ከእጃቸው አልወደቀም፤ እስካሁን የሚገርመኝ እሱ ነው።

ጠመንጃው ወረደ። ማንም አልተናገረም። ቡናውን ጠጣን።

እኔ ጥላውን፣ ሙቀቱን፣ አውራ ጣቱን ሁሉ አስቤ ነበር። ባትሪና አፈሙዝ አንድ አቅጣጫ ካዩ፣ ለማየት የፈለጉትን ሁሉ ማነጣጠር ግድ እንደሚሆን ግን አላሰብኩም። በኋላ ሳነብ ደግሞ ሌላም አገኘሁ። በፈረንጆቹ 2010፣ ቴክሳስ ውስጥ ፕላኖ በምትባል ከተማ፣ አንድ ፖሊስ ሽጉጡ ላይ የተገጠመውን መብራት ላብራ ብሎ ቃታውን ስቦ ሰው ገድሏል። ያ እንኳ የሠለጠነ ሰው ነው። አጎቴ ደግሞ ለሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያላዩ ገበሬ ናቸው።

ጠዋት ላስቲኩን በቢላ ሲቆርጡ ደረስኩ።

«ጋሼ፣ ቦታውን ላስተካክለው?»

«ቦታውስ ደህና ነበር» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ግን ልጄ፣ ማን እንደመጣ ለማወቅ አፈሙዝ ላዙርበት?»

ከገበያ ግንባር ላይ የሚታሰር መብራት ገዛሁላቸው። ከባርኔጣቸው በላይ አጥልቀው፣ ጠመንጃውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ይቀመጣሉ። ሲያወሩኝ ዞር ባሉ ቁጥር ዓይኔን ያጠፉታል። በሬው ከፋሲካ በፊት በነበረው ሳምንት ተሸጠ። እትዬ አሁን ማታ ከቤት ሲወጡ ገና ከደጃፉ «እኔ ነኝ» እያሉ ነው የሚመጡት።