ተራራው ሲሠራ

ዛሬ በሐሳብ ሩቅ አገር እንሂድ። አገሩ ቺሊ ይባላል። የሚገኘው በደቡብ አሜሪካ ነው። እዚያ አንዲስ የሚባሉ ረጃጅም ተራሮች አሉ። የብዙዎቹ ጫፍ በረዶ ለብሷል።

ከዋናው ከተማ ከሳንትያጎ በስተደቡብ አንድ የመዳብ ማውጫ አለ። ስሙ ኤል ቴኒየንቴ ነው። በእኛ ቋንቋ «መቶ አለቃው» ማለት ነው። ሰዎች ይህን ተራራ ከ100 ዓመት በላይ ቆፍረውታል። በሆዱ ውስጥ የተቆፈረው መንገድ ቢቀጣጠል ከ3,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

አጠገቡ ስዌል የሚባል የድሮ የሠራተኞች ከተማ አለ። የተሠራው ገደላገደል ላይ ስለሆነ መንገዱ ደረጃ ነው። ጋሪ አይሄድበትም።

አሁን ወደ ተራራው ውስጥ እንግባ። ጨለማ ነው። ሠራተኛው ራሱ ላይ መብራት አስሯል።

መዳብ ለኤሌክትሪክና ለሬዲዮ ሽቦ ይሆናል። የሚገኘው ግን ከድንጋይ ጋር ተደባልቆ ነው። እዚህ ከ100 ኪሎ ድንጋይ አንድ ኪሎ መዳብ እንኳ አይሞላም። ታዲያ ያን ሁሉ ድንጋይ እየፈለጡ ማውጣት ወጪው አይከብድም? ይከብዳል። ስለዚህ ዘዴ አበጁ።

ጎተራ ከታች ቢሸነቆር ምን ይሆናል? እህሉ በራሱ ይፈሳል። ዘዴውም ይኸው ነው። ሠራተኞቹ ከድንጋዩ ሥር ገብተው የታችኛውን ክፍል በድማሚት ያፈርሳሉ። የላይኛው ድንጋይ ድጋፍ ያጣል። በገዛ ክብደቱ እየተሰባበረ ይወርዳል። መኪናዎች ከሥር እያፈሱ ወደ ሌላ ጉድጓድ ይከቱታል። በዚያ ቁልቁል ይወርድና ባቡር ይጭነዋል። ድማሚቱ ጥቂት፣ ምርቱ ብዙ ይሆናል። ተራራው ራሱ ሠራተኛ ሆነ ማለት ነው።

ነገር ግን ሥሩ የተነካ ተራራ ዝም አይልም። ክብደቱ በቀረው ድንጋይ ላይ ያርፋል። ድንጋዩም አንዳንዴ ድንገት ይፈነዳል። ስለዚህ ድንጋዩን በኃይለኛ የውሃ ግፊት አስቀድመው ይሰነጥቁታል። አንዳንዱን መኪናም ሰው ሩቅ ተቀምጦ ይነዳዋል።

እ.ኤ.አ. በ1945 ከማውጫው መግቢያ አጠገብ እሳት ተነሣ። ጭሱ ወደ ውስጥ ገባ። 355 ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹን የገደላቸው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 ሐምሌ ወር ማለቂያ ላይ ደግሞ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ አዲስ የተቆፈረ መንገድ ተደረመሰ። 6 ሠራተኞች ሞቱ። ሥራውም ለቀናት ቆመ። እንግዲህ አደጋ ሰው ይገድላል፤ ምርትም ያቆማል።

የአየር መንገድ፣ የመሸሻ በርና የጣሪያ ድጋፍ አንድ ኪሎ መዳብ አያወጡም። ስለዚህ ሒሳብ የሚይዝ ሰው «ይህስ ቢቀር?» ሊል ይችላል። ይህ ግን ቁጠባ አይደለም። ቁጠባ ማለት ተራራው በራሱ የሚሠራውን ለተራራው መተው ነው። ሠራተኛው ማታ ወደ ልጆቹ የሚመለስበት ወጪ አይቀነስም።

ጥያቄ፦
1. ድንጋዩ በራሱ የሚወርደው ለምንድን ነው?
2. በእናንተ ሥራ የሚቀነሰው ወጪ የትኛው ነው? የማይቀነሰውስ?