የተጻፈው ዕዳና ያልተጻፈው

የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ ውሃ የሌለበት አሸዋ ነው። ቤታችን ከዚሁ አሸዋ ብዙ አይርቅም። ከእራት በኋላ በመካከላችን የተነሣው ክርክርም እንደ ክረምት ደራሽ ድንገት መጣብን። የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፈችው የመጀመሪያዋ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታሪክ ለመማር መቍረጧን ነገረችን። እናቷ የቤታችንን ወጪ በደብተር የምትጽፍ ሴት ናት። ጥቂት ዝም ብላ ቆየችና፥ «አባትሽም ታሪክ ተምረዋል፤ ምን እንዳተረፉ ጠይቂያቸው» አለቻት።

ቃሉ ለጊዜው አልተዋጠልኝም። በቅን ለተመለከተው ግን ጥያቄው የሚያስቈጣ አልነበረም። ግንብ ሊሠራ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወጪውን እንዲያሰላ ወንጌልም ያስተምረናልና። ስለዚህ ሣጥኔን ከፍቼ በ1996 ዓ.ም. የፈረምሁትን ውል አወጣሁ፤ ሦስታችንም አብረን አነበብነው።

ውሉ የወጪ መጋራት ውል ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው ደንብ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ሰው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፥ ከትምህርቱም ወጪ ቢያንስ 15 ከመቶውን እንዲጋራ አዘዘ። አከፋፈሉም ከምረቃ በኋላ ከወር ገቢው ላይ ቢያንስ 10 ከመቶ እየተቀነሰ ነው። እኔ መምህር ከመሆኔ አስቀድሞ በአንድ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ሠራተኛ ነበርሁ። ደመወዜ ጥቂት ስለ ነበረ ዕዳው ቶሎ አላለቀልኝም፤ ዋናው ዲግሪዬም እጄ የገባው የመጨረሻው ሣንቲም ከተከፈለ በኋላ ነው። በእነዚያ ዓመታት ማታ ማታ የሰው ልጆች እያስጠናሁ የቤት ኪራይ መክፈሌን ባለቤቴ አልረሳችውም።

ልጄ ውሉን ደጋግማ ካየች በኋላ፥ «አባዬ፥ የሒሳብ አያያዝ ብማር ዕዳው ይቀልልኛልን?» ብላ ጠየቀችኝ። የነገሩ ቍልፍ እዚህ ላይ ነው። የተማሪው ዋና ዕዳ እንጀራውና አልጋው ነው። ታሪክ የሚማረውና ሒሳብ የሚማረው ከአንድ ማእድ ይበላሉ፤ በአንድ ሕንፃም ያድራሉ። ዕዳውን ከትምህርቱ ዓይነት ይልቅ የሚያከብደው የዓመቱ ብዛት ነው። ታላቁ ልዩነት የሚታየው ከምረቃ በኋላ ነው። ለምሳሌ ያህል ደመወዙ 10 ሺህ ብር የሆነ ሰው 1 ሺህ ቢቀነስበት 9 ሺህ ይቀረዋል። 20 ሺህ የሚያገኘው ግን 2 ሺህ ከፍሎ 18 ሺህ ይቀረዋል፤ ዕዳውም በግማሽ ጊዜ ያልቅለታል። እንግዲህ አጥብቆ መመርመር የሚገባው ዐሥረኛው እጅ ከምን ሥራ ላይ እንደሚቀነስ ነው።

ደግሞም ዕዳ ሁሉ አንድ አይደለም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎችን በፈጀ ጊዜ የአንድ ጎረቤታችን ሱቅ ከነዕቃው ተወሰደ። ዕቃው በብድር የተገዛ ነበርና ሱቁ ሄደ፤ ዕዳው ግን ቀረ። ለግል ኮሌጅ ከዘመድ ተበድሮ የሚከፍል ወላጅ ዕዳም ይህን ይመስላል፤ ልጁ ሥራ ቢያገኝም ባያገኝም ቀኑ ሲደርስ ይጠየቃል። ከደመወዝ በዐሥረኛ የሚቀነሰው ግን ገቢውን ተከትሎ ይሄዳል። አውስትራሊያም እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 እንዲህ ያለ ሥርዐት ጀምራለች፤ ገቢው ከተወሰነው መጠን በታች የሆነውንም ምሩቅ አታስከፍልም። ቢሆንም ሥራ አጥቶ የተቀመጠ ምሩቅ በዚህ ብቻ አይጽናናም። በትምህርት ያሳለፋቸው ዓመታት ራሳቸው ሠርቶ ሊያገኝባቸው ይችል የነበሩ ናቸውና።

ያልተጻፈ ዕዳም አለብኝ። ዩኒቨርሲቲ ዘግይቼ የገባሁት በልጅነቴ ወደ ጎጃም ተሻግሬ የቆሎ ተማሪ ስለ ነበርሁ ነው። አኮፋዳዬን አንግቼ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልሁ በየደጁ ስቆም ከልጆቻቸው አፍ ከፍለው የሰጡኝ እናቶች ስሜን በመዝገብ አልጻፉም። ይህን ዕዳ የሰው ልጅ በማስተማር እከፍላለሁ፤ ታሪክ መማሬም ያተረፈልኝ ይኸው ነው። ለባለቤቴም እንዲሁ መለስሁላት። እርሷም፥ «እውነት ነው፤ ነገር ግን በምስጋና ብቻ የቤት ኪራይ አይከፈልም» አለችኝ። ልክ ነበረችና ዝም አልሁ።

በመጨረሻ በዚህ ተስማማን። ልጃችን የምትወደውን ታሪክ ትማራለች፤ ነገር ግን ባዶ እጇን አይደለም። ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ በኋላ ፈረንሳይኛ ያወቀ ሰው በቋንቋው እንጀራውን ይበላ ነበር። ልጃችንም ከጎረቤት የለመደችውን ኦሮምኛና ሶማሊኛ አስተካክላ መጻፍ ትማራለች፤ በየክረምቱም የሒሳብ አያያዝ ታጠናለች። ይህን ሁለተኛውን ያዘዘችው እናቷ ናት።

ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ እንዲህ ያለ ትምህርት ቢመርጥ አትቈጡ፤ ዝም ብላችሁም አትስደዱት። ውሉን አብራችሁ አንብቡ፤ የዓመቱን ብዛት ቍጠሩ፤ እንጀራውን የሚያበስልለትን ሙያም ከወዲሁ አብራችሁ ፈልጉለት። ዕዳው የሚፈራው ሳይቈጠር ሲፈረም ነው።