ሲያሰላምት ያመው የነበረው ወንድማችን



ዛሬ የምናካፍላችሁ የራሳችንን ጥፋት ነው። ባለታሪኩ አንድ ዶርም አብሮን የሚኖር ወንድማችን ሲሆን፣ «ስሜን ተዉት፤ ታሪኩን ግን ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናልና ጻፉት» ብሎ ፈቅዶልናል።

ወንድማችን ቂርኣቱ ያማረ ነው። ሱብሒ ላይ ሁሌም እሱን ነበር የምናስቀድመው። ባለፈው ሴሚስተር ግን «ሌላ ሰው ያሰግድ» ማለት ጀመረ። ምን ሆነህ ነው ስንለው «ጉሮሮዬ ውስጥ የዓሣ አጥንት የተሰነቀረ ይመስለኛል። ስውጥ ይወጋኛል፤ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጆሮዬ ይወጣል» አለን።

እኛም እንደ ልማዳችን ሁላችንም ሐኪም ሆንን። «ቶንሲል ነው» አልነው። ክሊኒክ ሄዶ አንቲባዮቲክ ተሰጠው፤ ጨርሶ ቢወስደውም አልለቀቀውም። ሌላም ተጨመረለት፤ ያው ነው። ከአገር ቤት በስልክ «እንጥልህ ወርዶ ይሆናል፤ ናና ይቆረጥልህ» ተባለ። ከመካከላችን «ዓይን ነው» ያለም ነበርና ሩቃ አደረግንለት።

ሩቃ ማድረጋችን ጥፋት አልነበረም። ጥፋታችን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። መድኃኒቱም ሩቃውም ካላሻለው ሕመሙ እውነት አይደለም ብለን ደመደምን። ጉሮሮው ቢታይ አልቀላም፤ ትኩሳት የለው፤ ክላስ ይገባል፣ ካፌ ይበላል። እርስ በርሳችን «ልጁ ሰንፏል» ተባባልን።

አንድ ቀን ዒሻእ ሰግደን እንደጨረስን ከእኛ አንዱ «ስታሰላምት ፊትህን በደንብ አዙር እንጂ! ጉንጭህ ከኋላ መታየት አለበት» ብሎ አረመው። ወንድማችን ዝም አለ። ጉሮሮው ክፉኛ የሚወጋው ልክ ወደ ቀኝ ሲዞር መሆኑን የነገረን ከወራት በኋላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻውን መስገድ ጀመረ። እኛ ደግሞ ይህንኑ ለስንፍናው ማስረጃ አደረግነው። አላህ ይማረን።

ነገሩ የተገለጠው የጥርስ ሕክምና የሚማር አንድ የጀመዓችን ወንድም ሊጠይቀን በመጣ ጊዜ ነው። እንደኛ መልስ አልሰጠውም፤ ጠየቀው። «ስታዛጋስ ያምሃል? አንገትህን ስታዞርስ? ቶንሲልህን አስወጥተህ ታውቃለህ?» ሁሉንም ሰምቶ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ መከረው። ሐኪሙም ጓንት አድርገው ቶንሲሉ ያለበትን ቦታ በጣታቸው ሲጫኑት ወንድማችን ከወንበሩ ሊነሣ ደረሰ። ሲቲ ስካን ታዘዘለት፤ የቀኙ አጥንት ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ።

አጥንቱ ስታይሎይድ ይባላል። ከጆሯችን ሥር፣ ከራስ ቅላችን የታችኛው ክፍል ተነሥቶ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ እንደ ብዕር የቀጠነ አጥንት ነው። ሁላችንም በቀኝና በግራ አለን። ብዙውን ጊዜ ርዝመቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ረጅም ይባላል። አንዳንዴም ከእሱ ጋር የተያያዘው ጅማት ወደ አጥንትነት ይለወጣል። በዚያ ሰፈር የጉሮሮና የምላስ ነርቭ እንዲሁም ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቁ የደም ሥር ያልፋሉ። አጥንቱ እነዚህን ሲነካ ነው መዋጥ፣ ማዛጋትና አንገት ማዞር የሚያሙት። ሕመሙ ኢግል ሲንድረም የተባለው በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም በነበሩት በዋት ኢግል ስም ነው፤ እሳቸው በ1937 (እ.ኤ.አ) ጽፈውበታል። አጥንታቸው ረዝሞ ምንም የማያማቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ሐኪም ምስሉን ብቻ ሳይሆን የታማሚውን ቃልም ይሰማል። እኛ የነፈግነው ይህንኑ ነበር።

ለወንድማችን የሕመም ማስታገሻ ታዘዘለት፤ ቦታው ላይም መርፌ ተወጋ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል ብሎለታል። ካልበቃው አጥንቱን በአፍ ወይም በአንገት በኩል ገብቶ የማሳጠር ቀዶ ሕክምና አለ። እሱም ክረምት ላይ ለመወሰን ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሯል።

ስለ ሶላቱ ኡስታዛችንን ጠየቅናቸው። ሲያሰላምቱ ፊትን ማዞር ሱና መሆኑን፣ የታመመ ሰው የቻለውን ያህል ቢያዞር ሶላቱ ምንም እንደማይሆን አስረዱን። ይህን ከማረማችን በፊት ብንጠይቅ ኖሮ!

አንድ ማታ ተሰብስበን «አውፍ በለን» አልነው። «አውፍ ብያችኋለሁ። ግን ከሕመሙ ይልቅ አለመታመኔ ነበር የከበደኝ» አለን። ምን እንደምንመልስለት ጠፋን።

እህት ወንድሞች! የጉሮሮ ሕመም ሁሉ ይህ አይደለም፤ አብዛኛው ሌላ ነው። ነገር ግን አንቲባዮቲክ ተወስዶ ካልተሻለ፣ ሲውጡ ወይም አንገት ሲያዞሩ ከወጋ፣ ወደ ጆሮ ከወጣ ከአንገት በላይ ሐኪም ያየው። አንገት ሲዞር ራስን የሚያስት ወይም ዓይን የሚጋርድ ከሆነ ደግሞ ቀን ሳይሰጡት መሄድ ነው። እንጥል ለማስቆረጥ አትቸኩሉ። ዱዓችንንም አንተው፤ መታከምም የነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ትእዛዝ ነውና።

ከሶፋችሁ የቀረ ሰው ካለም ዛሬውኑ ሂዱና ምን እንደሆነ ጠይቁት። ሲመልስላችሁም እመኑት።

አላህ ለታመሙት ሁሉ አፊያቸውን ይመልስላቸው። ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።