ከሥነ ጽሑፍ ወደ ንግግር ሕክምና

«አማርኛ ተምራችሁ ሐኪም ልትሆኑ ነውን?» እያሉ የሚሥቁብን ጓደኞች ብዙዎች ናቸው። ሣቁን አንጠላውም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ያለ ሣቅ አይገፋም። ጥያቄው ግን መልስ የሚገባው ስለሆነ፥ እኛ ሦስት የአማርኛ ተማሪዎች ስለ ንግግር ሕክምና የደረስንበትን ለወንድሞቻችንና ለእኅቶቻችን እናቀርባለን።

በመሠረቱ ሙያው ከሐኪም ቤት ብቻ የተወለደ አይደለም። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ ገና የዮርክ መስፍን ሳሉ፥ በ1926 እ.ኤ.አ.፥ ስለ መንተባተባቸው የሄዱት ወደ አውስትራሊያዊው ላዮነል ሎግ ነበር። ሎግ የንባብና የአነጋገር መምህር እንጂ የሕክምና ዲግሪ ያለው ሰው አልነበረም። ዛሬ እንደ እርሱ በተሰጥኦ ብቻ መግባት ቀርቷል፤ መቅረቱም ደግ ነው፤ የልጅ አንደበት የጀማሪ መለማመጃ አይደለምና።

በአሜሪካ ለዚህ ሥራ የማስተርስ ዲግሪ ግዴታ ነው። ሌላ ትምህርት ያጠና ሰው አይከለከልም፤ ሆኖም የጎደሉትን ኮርሶች መሙላት አለበት፤ ይኸውም የአፍና የጉሮሮ አካል ጥናት፥ ሥነ ድምፅ፥ የመስማት ምርመራ፥ የልጆች ቋንቋ እድገት ነው። ስታቲስቲክስና ፊዚክስ ወይም ኬሚስትሪ እንኳ አይቀርም (አርትስ የገባነው ከእነዚህ ሸሽተን ነበር!)። የሙያ ማኅበሩ ምስክር ወረቀት ደግሞ 400 ሰዓት የተግባር ልምምድ ይጠይቃል፤ ከዚህ ውስጥ 25ቱ ሌላው ሲሠራ መመልከት ነው። በእንግሊዝ አገርም የሌላ ትምህርት ዲግሪ ያለው ሰው በሁለት ዓመት ማስተርስ የሚገባበት በር አለ። በአገራችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ተከፍቷል። እንግዲህ ወይ እንደ አዲስ ከሀ መጀመር ወይ ባሕር መሻገር ነው። የገንዘቡን ነገር ባናነሣው ይሻላል።

ታዲያ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ምን ይዞ ይቀርባል? ባለፈው ክረምት አንኮበር ዘመድ ልንጠይቅ ሄደን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ አገኘን። «ከ»ን ሁሉ «ተ» ይላል፤ «ከበሮ» ለማለት «ተበሮ»። ቤተ ሰቦቹ «ሲያድግ ይተወዋል» ይላሉ፤ ምናልባትም ይተወው ይሆናል። ነገር ግን ከወዲሁ በክፍል ውስጥ እጁን ማንሣት ትቷል። ደጋግመን ስናደምጠው ቆሎን «ጦሎ» ይላል እንጂ «ቶሎ» አይልም። ስለዚህ ስሕተቱ ሥርዓት አለው፤ ምላሱ ወደ ኋላ አይሄድለትም፥ ጉሮሮው ግን እንደ ማንኛችንም ዘግቶ ያፈነዳል። እነዚህ «ጠ፥ ቀ፥ ጨ፥ ጸ» የምንላቸው ድምፆች እንግሊዝኛ ለብቻቸው የሚለያቸው አይደሉም፤ «አለ» ጠብቆና ላልቶ ትርጕሙን እንደሚለውጠውም የሚለውጥ ቃል የለውም። ለእንግሊዝ ልጅ የተሰናዳ የመመርመሪያ ወረቀት ቢመጣለት ይህን ሁሉ ሳይጠይቀው ያልፋል። ለአማርኛ የሚሆነውን ለማሰናዳት ሐኪም ብቻውን አይበቃም፤ ቋንቋውን ያጠና ሰው ያስፈልጋል።

እኛ ስሕተቱን ለየነው እንጂ ማቃናቱን አናውቅም። እስከዚያው የልጁን ቃላት በደብተር እየጻፍን ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜም የማንቁርትን ሥዕል ይዘን እንቀመጣለን። ከሳይንስ በኩል ነርቭና ጡንቻ የሚያስረዳን ቢገኝ ከምሳ በኋላ ይምጣ፤ ሻዩ በእኛ ነው።